ያለ ፈቃድ በተወሰደ የንግድ ምልክት የደረሰ ጉዳት እንዴት ይገመታል?

ለከተማው ነጋዴዎች፣ ነዋሪዎችና ሹማምንት የተደረገ ንግግር



ንግድ በመተማመን የሚቆም ሥራ መሆኑ ከማንም የተሰወረ አይደለም። ገዢ ወደ ሱቅ ገብቶ አንድ ሳሙና ወይም አንድ ጥቅል የሻይ ቅጠል ሲያነሣ፣ ዕቃው ሲሠራ ቆሞ አላየም፤ የሠራውንም ሰው በመልኩ አያውቀውም። የሚያውቀው በመጠቅለያው ላይ ያለውን ምልክት ብቻ ነው። ትናንት በዚያ ምልክት የገዛው ዕቃ ደኅና ሆኖ ስላገኘው፣ ዛሬም ያንኑ ምልክት አይቶ ገንዘቡን ሳይጠራጠር ይሰጣል። እንግዲህ የንግድ ምልክት በሻጭና በገዢ መካከል በቃል ያልተነገረ፣ ነገር ግን በየቀኑ የሚታደስ ውል ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

ሌላ ሰው ያለ ፈቃድ ይህን ምልክት በራሱ ዕቃ ላይ ሲያትም ሁለት ሰዎች ይጎዳሉ። ገዢው ያሰበውን ሳያገኝ ይቀራል፤ ባለምልክቱም ብዙ ዘመን የደከመበት ስም የሌላ ሰው መበልጸጊያ ይሆንበታል። ይህ ድርጊት ጥፋት መሆኑን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም። የሚያስቸግረው ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ነው፤ ይኸውም ጥፋቱ ከተረጋገጠ በኋላ ጥፋተኛው ስንት ብር ይክፈል የሚለው ነው።

ቤቱ የተቃጠለበት ሰው ግንበኛና አናጢ ጠርቶ ጉዳቱን ያስገምታል። በሬ የተሰረቀበት ገበሬ የበሬን ዋጋ ከገበያ ጠይቆ ይረዳል። ምልክቱ የተወሰደበት ነጋዴ ግን ከመጋዘኑ አንድም ዕቃ አልጎደለበትም፤ ምልክቱም እንደ ቀድሞው በእጁ ነው። የጎደለበት ወደ እርሱ ሊመጣ የነበረው ገዢ ነው፤ ያልመጣ ሰው ደግሞ አይቆጠርም። ስለዚህ ዳኛው በዓይን የማይታየውን ጉዳት በገንዘብ መስፈር ይኖርበታል። መስፈሪያው ካነሰ አጥፊው በሌላው ድካም በልጽጎ ይቀራል፤ መስፈሪያው ከበዛም ካሣው ካሣ መሆኑ ቀርቶ የበቀል መወጫ ይሆናል። የዚህ ንግግር ዓላማ ትክክለኛው መስፈሪያ የቱ እንደ ሆነና እያንዳንዱ ሰው ለዚያ ምን ማዘጋጀት እንዳለበት ማስረዳት ነው።

ስለ ሕጉ መሠረት

በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ካሣ ጠቅላላ ሥርዓት አቁሟል። በአንቀጽ 2091 ካሣው ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል እንዲሆን ያዛል። በአንቀጽ 2102 ደግሞ የጉዳቱን ልክ በትክክል ለማወቅ የማይቻል ሲሆን፣ ዳኛው የነገሮችን የተለመደ አካሄድና ተጎጂው የወሰዳቸውን እርምጃዎች ተመልክቶ በርትዕ እንዲወስን ሥልጣን ይሰጠዋል። ከዚህም ሌላ በአንቀጽ 2162 ያለ በቂ ምክንያት በሌላ ሰው ሥራ ወይም ንብረት የበለጸገ ሰው፣ በተጠቀመበት መጠን ለባለቤቱ እንዲክስ ተደንግጓል። እነዚህ ሦስት አሳቦች፣ ማለት ጉዳትን ማካካስ፣ በርትዕ መገመትና ያለ አግባብ የተገኘን ጥቅም መመለስ፣ የዛሬውም ክርክር ሥር ናቸው።

በ1998 ዓ.ም. ስለ ንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ የወጣው አዋጅ ቁጥር 501/1998 ጉዳዩን ለብቻው ለይቶ ደነገገ። በዚህ አዋጅ መሠረት የምልክት ባለቤትነት የሚገኘው በምዝገባ ነው። ምዝገባው ለ7 ዓመት የጸና ሆኖ በየ7 ዓመቱ ሊታደስ ይችላል። ምልክቱን አስመዝግቦ ለተከታታይ 3 ዓመት ሥራ ላይ ያላዋለ ሰው ምዝገባው ሊሠረዝበት ይችላል። ምልክቱ ያለ ፈቃድ በተወሰደ ጊዜም ፍርድ ቤት የሚወስነው ካሣ ተከሳሹ ከድርጊቱ ካገኘው የተጣራ ትርፍ፣ ወይም ምልክቱን በፈቃድ ቢጠቀምበት ኖሮ ይከፍል ከነበረው የፈቃድ ዋጋ፣ ከሁለቱ ከሚበልጠው ጋር እኩል እንዲሆን አዋጁ ያዛል። ይህ የፈቃድ ዋጋ በሕግ ሰዎች ዘንድ ሮያሊቲ ይባላል።

የወንጀል ቅጣት ከዚህ የተለየ መሆኑን መገንዘብ ያስፈልጋል። ቅጣት በመንግሥት ከሳሽነት የሚወሰን ሆኖ ዓላማው ሕዝብን መጠበቅ ነው፤ ካሣ ግን ለተጎዳው ሰው የሚከፈል ነው። አጥፊው ታስሯልና ካሣው ይቅር ማለት አይቻልም፤ ካሣ ከፍሏልና ከወንጀሉ ነጻ ይውጣ ማለትም አይቻልም።

ስለ ሦስቱ መስፈሪያዎች

በብዙ አገሮች የሚሠራባቸው መስፈሪያዎች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው የባለምልክቱ ኪሣራ ሲሆን፣ አጥፊው ባይገባበት ኖሮ ባለምልክቱ ያገኝ የነበረው ትርፍ ማለት ነው። ሁለተኛው የአጥፊው ትርፍ ነው፤ ይኸውም በተሰረቀው ምልክት ሸጦ ወጪውን ከቀነሰ በኋላ በእጁ የቀረው ገንዘብ ነው። ሦስተኛው የፈቃድ ዋጋ ሲሆን፣ አጥፊው እንደ ጨዋ ነጋዴ ቀርቦ ፈቃድ ቢጠይቅ ኖሮ ሁለቱ ይስማሙበት የነበረው ክፍያ ነው። የኢትዮጵያ አዋጅ በግልጽ ለይቶ የጠቀሳቸው ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ነው። የመጀመሪያው ግን ከ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ጠቅላላ ሥርዓት የሚመነጭ ስለ ሆነ በማንኛውም ክርክር ሊዘነጋ አይገባም።

እነዚህ መስፈሪያዎች በወረቀት ላይ ሲነበቡ ቀላል ይመስላሉ። ችግራቸው የሚገለጠው በቁጥር ሲሰሉ ስለ ሆነ፣ ለማስረጃ ያህል የታሰበ አንድ ምሳሌ ቢቀርብ ይጠቅማል።

አንድ ሳሙና ሠሪ የተመዘገበ ምልክት አለው እንበል። ባለፈው ዓመት 100,000 ሳሙና ሸጦ ነበር፤ በዚህ ዓመት ግን የሸጠው 80,000 ብቻ ነው። ከእያንዳንዱ ሳሙና የሚያገኘው ትርፍ 8 ብር ነው። በዚህ ዓመት ሌላ ሰው የእርሱን ምልክት በመጠቅለያ ላይ አትሞ 40,000 ሳሙና እያንዳንዱን በ25 ብር ሸጧል። ጠቅላላ ሽያጩ 1,000,000 ብር ይሆናል። ለጥሬ ዕቃ፣ ለሠራተኛ፣ ለመጠቅለያና ለማጓጓዣ ያወጣው 720,000 ብር ነው።

በመጀመሪያው መስፈሪያ የባለምልክቱ ሽያጭ በ20,000 ሳሙና ቀንሷል። በ8 ብር ሲባዛ 160,000 ብር ይመጣል። ነገር ግን የባለምልክቱ መኪና አንድ ወር ተሰብሮ በመቆሙ 5,000 ሳሙና ሳይሠራ ቀርቶ ከሆነ፣ ይህን በአጥፊው ላይ መጫን ፍትሕ አይደለም። የሚቀረው 15,000 ሳሙና በ8 ብር ሲባዛ 120,000 ብር ይሆናል። እዚህ ላይ ብዙ ከሳሾች የሚስቱት ነገር አለ። አጥፊው 40,000 ሳሙና ስለ ሸጠ እኔም 40,000 ገዢ አጥቻለሁ ይላሉ። ይሁን እንጂ ሐሰተኛውን ዕቃ የገዛ ሰው ሁሉ እውነተኛውን ይገዛ ነበር ማለት አይቻልም። አንዳንዱ ርካሽነቱን አይቶ፣ አንዳንዱም ሱቁ ለቤቱ ስለ ቀረበው ብቻ ገዝቶ ይሆናል።

በሁለተኛው መስፈሪያ ከ1,000,000 ብር ላይ 720,000 ብር ሲቀነስ የተጣራው ትርፍ 280,000 ብር ነው። ተከሳሹ ግን በዚያው ዓመት ለቤተሰቡ የገዛውን አውቶሞቢልና በሌላ ጥፋት የከፈለውን መቀጫ ጭምር ወጪ ነው ብሎ ሊያቀርብ ይሞክራል። ዳኛው ሊቀበለው የሚገባው ያን ሳሙና ለመሥራትና ለመሸጥ በእርግጥ የወጣውን ብቻ ነው። የሱቅ ኪራይ በመጣ ጊዜም፣ ያ ሳሙና ባይኖር ኪራዩ ይከፈል ነበር ወይስ አይከፈልም ነበር ብሎ መጠየቅ ወደ እውነቱ ያደርሳል።

በሦስተኛው መስፈሪያ በሳሙና ንግድ የተለመደው የፈቃድ ዋጋ ከሽያጩ ከመቶ 5 ነው ቢባል፣ ሒሳቡ 50,000 ብር ይሆናል። እንግዲህ በአዋጁ መሠረት ከ280,000 ብርና ከ50,000 ብር የሚበልጠው የመጀመሪያው ስለ ሆነ፣ ካሣው 280,000 ብር ነው።

አሁን ደግሞ ነገሩ ተለውጦ፣ አጥፊው ዕቃውን ቶሎ ለመጨረስ ሲል እያንዳንዱን ሳሙና በ17 ብር ሸጦታል እንበል። ጠቅላላ ሽያጩ 680,000 ብር ብቻ ስለሚሆን፣ ከወጪው ጋር ሲተያይ በ40,000 ብር ከስሯል። የተጣራ ትርፍ የለውም። እዚህ ላይ የፈቃድ ዋጋ ለምን በሕግ እንደ ገባ ይገለጣል። ምልክቱን የወሰደ ሰው ንግዱ ስላልሰመረለት በነጻ ተጠቅሞበት አይሄድም፤ ከሽያጩ ከመቶ 5፣ ማለት 34,000 ብር ይከፍላል። ቤት ተከራይቶ የከሰረ ነጋዴ ከስሬያለሁና ኪራይ አልከፍልም ሊል እንደማይችል ሁሉ ይህም እንደዚያው ነው።

ሆኖም በዚህ በሁለተኛው ሁኔታ የባለምልክቱ እውነተኛ ኪሣራ 120,000 ብር ሆኖ ሳለ በሁለቱ የአዋጁ መስፈሪያዎች የሚደርሰው 34,000 ብር ብቻ ይሆናል። ከዚህ የተነሣ ጠንቃቃ ከሳሽ ሦስቱንም ሒሳቦች አዘጋጅቶ ይቀርባል፤ ካሣ ከጉዳት ጋር እኩል ይሁን የሚለውንም የፍትሐ ብሔር ሕግ ሥርዓት ጠቅሶ ኪሣራውን በማስረጃ ያሳያል። ያልተጠየቀና ያልተረጋገጠ ኪሣራን ዳኛ ከራሱ አምጥቶ ሊሰጥ አይችልም። በሌላ በኩል አንዱን ሳሙና ሁለት ጊዜ መቁጠር፣ ማለት ለዚያው ሽያጭ የራስን ኪሣራም የአጥፊውን ትርፍም ደርቦ መጠየቅ የተገባ አይደለም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደ ተባለው፣ ያልተገባውን የሚጠይቅ ከሳሽ በተገባውም ላይ እምነት ያጣል።

ስለ ማስረዳት ሸክም

የአጥፊው ትርፍ የሚገኘው በአጥፊው መዝገብ ውስጥ ነው። ይህም ትልቅ ጥያቄ ያስነሣል። ገዢዎቹ የገዙት በምልክቱ ተስበው ነው ወይስ በሌላ ምክንያት? ይህንስ ማን ያስረዳ? የሌላ አገር ፍርድ በኢትዮጵያ ዳኛ ላይ የሚጸና ባይሆንም፣ በነገሩ ላይ ብርሃን የሚሰጥ አንድ ፍርድ በአሜሪካ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1942 ተሰጥቷል።

ሚሻዋካ የተባለው የጎማና የጫማ ፋብሪካ በሚሠራቸው ተረከዞች መካከል ክብ ቀይ ጎማ እየከተተ ያንኑ ምልክቱ አድርጎ አስመዝግቦ ነበር። ክሬስጌ የተባለው የሱቆች ድርጅት ተመሳሳይ ቀይ ክብ ያለበትን፣ ጥራቱ ግን ዝቅ ያለ ተረከዝ ሸጠ። የበታች ፍርድ ቤቶች ትርፉ ይመለስ ያሉት በምልክቱ ተታለው ለገዙት ሰዎች ከተሸጠው ብቻ ነበር። ይሁን እንጂ ተረከዝ የገዛውን ሰው ሁሉ ፈልጎ ለምን ገዛህ ብሎ መጠየቅ የሚችል ከሳሽ ከወዴት ይገኛል? የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህን ለወጠ። ባለምልክቱ የሽያጩን መጠን ካስረዳ ይበቃዋል፤ ከዚያ ውስጥ በምልክቱ ያልተገኘ ትርፍ አለ የሚል ከሆነ ግን ይህን ማስረዳት ያለበት አጥፊው ነው ብሎ ፈረደ። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ንጹሑን ከተሰረቀው ጋር የቀላቀለው አጥፊው ራሱ ነውና፣ መለየቱም የእርሱ ሥራ ይሆናል። ለመለየት ባይችል የሚጎዳው እርሱ እንጂ የተበደለው ሊሆን አይገባም።

ስለ ትርፉ ባለቤትም መጠንቀቅ ያስፈልጋል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በየካቲት 2025 ያው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ወደ 43 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ የትርፍ ፍርድ ሽሮ መልሷል። የተከሰሰው ደውበሪ ግሩፕ የተባለ ድርጅት ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ገንዘቡ የተቆጠረው በአንድ ባለቤት ሥር ካሉ ሌሎች፣ ነገር ግን በክሱ ውስጥ ካልተጠሩ ድርጅቶች ትርፍ ጭምር ስለ ነበረ ነው። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት አጭር ነው። ትርፉ በወንድም፣ በሚስት ወይም በሌላ ድርጅት ስም ተቀምጦ እንደ ሆነ፣ ከሳሹ ክሱን ሲጽፍ ማንን ከማን ጋር መክሰስ እንዳለበት አስቀድሞ ማጣራት አለበት።

ስለ ተበላሸ ስም

ጉዳቱ በሽያጭ መቀነስ ብቻ የማይወሰንበት ጊዜ አለ። ሐሰተኛው ሳሙና ቆዳ ቢያቃጥል፣ ገዢው የሚያማው እውነተኛውን ባለምልክት ነው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ የተበላሸ ስምም እንደዚሁ ቶሎ አይጠፋም። ባለምልክቱ ስሙን ለማደስ በጋዜጣና በሬዲዮ ማስታወቂያ ማውጣት፣ ሱቅ በሱቅ እየዞረ ማስረዳት፣ የተመለሰለትንም ዕቃ መለወጥ ይኖርበታል። ይህ ወጪ እንዴት እንደሚገመት የሚያሳይ አንድ የታወቀ ስሌት አለ።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1974 ቢግ ኦ የተባለ የጎማ ነጋዴዎች ድርጅት ቢግ ፉት በሚል ስም ጎማ ይሸጥ ነበር። በዚያው ዓመት ጉድይር የተባለው ታላቅ ፋብሪካ ያንኑ ስም ለራሱ ጎማ ሰጥቶ በመላው አሜሪካ ማስታወቂያ አናፈሰ። እዚህ ላይ የተገለበጠ ነገር ታየ። ታላቁ የታናሹን ስም ስለ ወሰደ፣ ሕዝቡ ታናሹን የታላቁ አስመሳይ ነው ብሎ መጠራጠር ጀመረ። የሕዝብ ዳኞቹ 2.8 ሚሊዮን ዶላር ካሣና 16.8 ሚሊዮን ዶላር መቀጫ እንዲከፈል ወሰኑ። በ1977 የይግባኙ ፍርድ ቤት ጥፋቱን አጽንቶ፣ ገንዘቡን ግን በሒሳብ አስተካከለው። ጉድይር ለማስታወቂያው ወደ 9.7 ሚሊዮን ዶላር አውጥቶ ነበር። ቢግ ኦ ነጋዴዎች የነበሩት በ14 ክፍለ ግዛቶች ስለ ሆነ፣ ማለት ከሃምሳው ከመቶ 28 በሚሆኑት፣ ከማስታወቂያው ወጪ የዚያኑ ያህል ተወሰደ። ከዚህም የተሳሳተውን አሳብ ለማረም የሚበቃው ሩቡ ነው ተብሎ፣ ካሣው 678,302 ዶላር ሆነ። መቀጫውም በዚያው ልክ ወደ 4,069,812 ዶላር ወረደ። ሒሳቡን የሚከተል ሰው ዳኞቹ ከየት ተነሥተው የት እንደ ደረሱ ደረጃ በደረጃ ያያል። በርትዕ መገመት ማለትም ይህ ነው፤ ከአየር ላይ ቁጥር መዝገን ማለት አይደለም።

ስለ አጥፊው አሳብ

አውቆ የወሰደና ሳያውቅ የተገኘበት ሰው እኩል መታየት አለባቸው ወይ የሚለውም ይጠየቃል። በ2020 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በቦርሳ ማግኔት ቁልፍ ምክንያት ሮማግ ከፎሲል ጋር በተከራከሩበት ጉዳይ፣ ትርፍን ለማስመለስ አጥፊው ሆን ብሎ መሥራቱ የግድ መረጋገጥ የለበትም፤ ነገር ግን የአሳቡ ሁኔታ ከፍ ያለ ግምት የሚሰጠው ነው ብሏል። ይህ አነጋገር ለገበያም የሚስማማ ነው። መጠቅለያውን ያሳተመው ሰው ምን እንደሚሠራ ያውቃል። ከጅምላ ሻጭ ደረሰኝ ተቀብሎ አምስት ካርቶን የገዛ የሰፈር ባለ ሱቅ ግን እንደ እርሱ አይቆጠርም። ይህም ባለ ሱቅ ራሱን የሚያድነው በደረሰኙ ነው፤ ዕቃውን ከማን እንዳገኘው ማሳየት ከቻለ ክርክሩ ወደ ምንጩ ይሄዳል። ያለ ደረሰኝ የገዛ ሰው ግን ዋጋው በርክሶለት ሳለ ለምን አልጠረጠርክም ተብሎ ሲጠየቅ መልስ ያጥረዋል።

ስለ ፈቃድ ዋጋ ደግሞ አንድ የኢትዮጵያ ታሪክ መጥቀስ ይገባል። የኢትዮጵያ መንግሥት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2005 ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋ ጨፌ የተባሉትን የቡና ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ጠየቀ፤ ከክርክር በኋላም በ2007 ከስታርባክስ ጋር ስምምነት ተደረገ። በእነዚህ ስሞች ለመጠቀም የሚሰጠው ፈቃድ ያለ ክፍያ እንዲሆን ተደርጓል፤ የታሰበው ስሙ በሰፊው እንዲታወቅና ገበሬው ከተሻለ ዋጋ እንዲጠቀም ነበርና። እንዲህ ያለ ምልክት ያለ ፈቃድ ቢወሰድ፣ ፈቃዱ በነጻ ነው ተብሎ ካሣውም ባዶ ነው ሊባል አይገባም። በነጻ የተሰጠው ሥርዓቱን አክብሮ ለፈረመ ነው፤ አልፈርምም ብሎ ለወሰደ አይደለም። ሕጉ ሁለት መስፈሪያ አስቀምጦ የሚበልጠውን ያዘዘበት ጥቅም በዚህም ይታያል።

ስለ እያንዳንዱ ሰው ግዴታ

ከላይ የተነገረው ሁሉ በአንድ ነገር ላይ ይቆማል፤ እርሱም መዝገብ ነው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል። ስለዚህ ነጋዴ ሊያደርገው የሚገባው የሚከተለው ነው።

1ኛ. ምልክቱን በኢትዮጵያ የአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ዘንድ ማስመዝገብና የ7ቱ ዓመት ጊዜ ሳያልፍበት ማሳደስ፤

2ኛ. የየወሩን ሽያጭ በቁጥርና በብር፣ የእያንዳንዱንም ዕቃ ወጪና ትርፍ ለይቶ መጻፍ፤ ይህ ከሌለ ሽያጬ ቀነሰ የሚለው ቃል ማስረጃ አይሆንም፤

3ኛ. ለሌላ ሰው ፈቃድ ከሰጠ ውሉን በጽሑፍ ማድረግ፤ አንድ ቀን የፈቃድ ዋጋ የሚለካው በዚያ ውል ነው፤

4ኛ. ሐሰተኛ ዕቃ ባገኘ ጊዜ ከነደረሰኙ ገዝቶ ማስቀመጥ፣ ቀኑንና ሱቁንም መጻፍ፤

5ኛ. ነገሩን እንዳወቀ ሳይዘገይ ማስጠንቀቅና ወደ ፍርድ ቤት መሄድ። የአጥፊው ትርፍ እስኪበዛልኝ ልጠብቅ ብሎ ዝም ያለ ሰው፣ ዳኛው ያደረገውን ጥንቃቄ በሚመዝንበት ጊዜ ይጎዳል።

የወረዳና የከተማ ሹማምንት ግዴታም ቀላል አይደለም። ሐሰተኛ ዕቃ በተያዘ ጊዜ ብዙ ጊዜ የሚደረገው ዕቃውን ሰብስቦ ማቃጠል ነው። ነገር ግን ሳይቆጠር የተቃጠለ ዕቃ ከጥፋተኛው ይልቅ ተበዳዩን ይጎዳል፤ የሽያጩን መጠን የሚያስረዳው ማስረጃ አብሮ ተቃጥሏልና። ስለዚህ ዕቃው በቁጥር ተቆጥሮ፣ ናሙናው ታሽጎ፣ የተገኙት ደረሰኞችና የመጠቅለያ ማተሚያዎች ተዘርዝረው፣ ባለ ሱቁና ምስክሮች የፈረሙበት ቃለ ጉባኤ ሊጻፍ ይገባል። በመጋዘን የተገኘው ባዶ መጠቅለያ እንኳ ዋጋ አለው፤ 60,000 መጠቅለያ ታትሞ 20,000 ብቻ ከተገኘ፣ የቀረው 40,000 የት ሄደ ብሎ መጠየቅ ይቻላልና። የግብር መሥሪያ ቤት መዝገብም ፍርድ ቤት ባዘዘ ጊዜ ተሟልቶ መቅረብ አለበት።

ገዢውም ከዚህ ነገር ውጭ አይደለም። ርካሽ ነው ብሎ ሐሰተኛ መሆኑን እያወቀ የሚገዛ ሰው፣ ነገ እውነተኛው ፋብሪካ ሲዘጋ ሥራ የሚያጣው የገዛ ልጁ ሊሆን እንደሚችል ማሰብ ይገባዋል። የገዛው ዕቃ እንደ ወትሮው ያልሆነለት ገዢ ለባለ ሱቁም ለባለምልክቱም ቢያስታውቅ፣ አንድ ዓመት የሚወስደው ምርመራ በአንድ ሳምንት ሊያልቅ ይችላል።

ባጭሩ ሲነገር፣ ያለ ፈቃድ ለተወሰደ ምልክት የሚከፈለው ካሣ ሁለት ነገሮችን መፈጸም ይኖርበታል። ተበዳዩን ወደ ነበረበት ቦታ ይመልሰዋል፤ አጥፊውንም በሌላው ስም ያገኘውን ይዞ እንዳይቀር ያደርገዋል። ከዚህ በታች ከሆነ ምልክት መስረቅ አዋጭ ንግድ ይሆናል፤ አጥፊው በተያዘ ጊዜ የሚከፍለው ካልተያዘ ከሚያገኘው ያነሰ ከሆነ፣ ነገም ከመስረቅ የሚከለክለው ነገር የለም። ከዚህ በላይ ከሆነ ደግሞ ታላላቆች በካሣ ጥያቄ ታናናሾችን የሚያስፈራሩበት መሣሪያ ይሆናል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ልክ ዳኛው የሚያገኘው፣ ነጋዴው በታማኝነት በጻፈው መዝገብ፣ ሹሙም በጥንቃቄ በቆጠረው ዕቃ ነው። ያ መዝገብ የሚጻፍበት ጊዜ ክስ የተመሠረተበት ቀን አይደለም፤ ሱቁ የሚከፈትበት እያንዳንዱ ጠዋት ነው።